ውሃው ሲተን ጨው የት ይሄዳል? የኩሊንግ ታወርን ውሃ በእጅ መለኪያ ስለመከታተል



ባለፈው ስንገናኝ ከታናናሾቻችን አንዱ «ይሄ ሁሉ ኬሚስትሪ ሥራ ላይ ምን ይጠቅማል?» ብሎ ጠይቆ ነበር። ያን ዕለት አጥጋቢ መልስ አልሰጠሁትም። ዛሬ ግን አንድ መልስ ይዤ መጥቻለሁ። መልሴ በእጅ የምትያዝና ከሞባይል ስልክ ብዙም የማትበልጥ፣ ኮንዳክቲቪቲ ሜትር የምትባል መሣሪያ ናት። ተማሪ ሳለሁ በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ባለ አንድ ትልቅ ሕንፃ ማሽን ክፍል ውስጥ በረዳትነት ሠርቻለሁ። የማካፍላችሁ እዚያ የተማርኩትን ነው፤ የሠራሁትን ስህተትም አልደብቃችሁም።

ኩሊንግ ታወር ምን ይሠራል?

ከትልልቅ ሕንፃዎች ጣሪያ ላይ ነጭ ጉም ሲወጣ አይታችሁ ይሆናል። ብዙ ሰው ጭስ ይመስለዋል፤ ነገር ግን የውሃ ተን ነው። የሕንፃው ማቀዝቀዣ፣ ማለትም ቺለሩ፣ ከክፍሎቹ የሰበሰበውን ሙቀት ኮንደንሰር በሚባለው ክፍሉ በኩል ለውሃ ያስረክባል። የሞቀው ውሃ ወደ ታወሩ ወጥቶ ከላይ ወደ ታች ይረጫል፤ ትልቅ ፋን ደግሞ አየር ይስብበታል። ከውሃው ጥቂቱ ይተናል። የሚተነው ሙቀቱን ይዞ ሲሄድ የቀረው ቀዝቅዞ ወደ ቺለሩ ይመለሳል። በሸክላ እንስራ የተቀመጠ ውሃ ለምን እንደሚቀዘቅዝ የሚያውቅ ሰው የኩሊንግ ታወርን አሠራር ያውቃል። እንስራው በላዩ ላይ ያዛል፤ ያዛው ሲተን ውስጡ ይቀዘቅዛል።

ምን ያህል ይተናል? በግምት ውሃው በ5.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በቀዘቀዘ ቁጥር ከሚዘዋወረው ውሃ 1 በመቶ ያህሉ ይተናል። በሰዓት 200 ሜትር ኩብ ውሃ የሚያዘዋውር ታወር በሰዓት 2 ሜትር ኩብ ማለትም 2,000 ሊትር ያህል ወደ ሰማይ ይሰድዳል ማለት ነው። ያንን ለመተካት ከከተማው መስመር አዲስ ውሃ ይገባል።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የሚተነው ንጹህ ውሃ ብቻ ነው። በውሃው ውስጥ ሟሙቶ የመጣው ካልሲየም፣ ማግኒዚየም፣ ሶዲየም፣ ክሎራይድና ሌላው ሁሉ እዚያው ይቀራል። ወጥ እሳት ላይ ብዙ ሲቆይ መረቁ አንሶ ጨዉ እንደሚበዛው ማለት ነው። ማንም ጨው አልጨመረም፤ ውሃው ነው የሄደው።

ዝዋይና አብያታ

ይህንን ነገር ለመረዳት ከሁሉ የረዳኝ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ታሪክ ነው። ዝዋይ ሐይቅ ከመቂና ከቀጠር ወንዞች ውሃ ይቀበላል፤ በቡልቡላ ወንዝ በኩል ደግሞ ይለቃል። መውጫ ስላለው ውሃው ለመጠጥም ለመስኖም ይሆናል። ቡልቡላ የሚሄደው ወደ አብያታ ነው። አብያታ ግን መውጫ የለውም። ወደ እርሱ የገባ ውሃ የሚሄደው በትነት ብቻ ስለሆነ፣ ወንዞች ይዘውት የመጡት ጨው ሁሉ ለብዙ ዘመን ተጠራቅሞ ሐይቁ ሶዳ አሽ እስኪመረትበት ደርሷል። ሁለቱ ሐይቆች ጎረቤታሞች ናቸው፤ ፀሐዩም አንድ ነው። የለያያቸው መውጫው ነው።

ኩሊንግ ታወርም እንዲሁ ነው። መውጫ ካላበጀንለት በሳምንታት ውስጥ ትንሽ አብያታ ይሆናል። ስለዚህ ከሥር የማፍሰሻ ባልቦላ ይደረግለታል። ባልቦላው ሲከፈት ጨው የበዛበት ውሃ ወደ ፍሳሽ መስመር ይሄድና በምትኩ አዲስ ውሃ ይገባል። ሠራተኞቹ «ብሎውዳውን» ይሉታል።

ታዲያ ምን ያህል እናፍስ? ብዙ ካፈሰስን ውሃና የውሃ ማከሚያ ኬሚካል ይባክናል። ጥቂት ካፈሰስን ካልሲየም ካርቦኔት በኮንደንሰሩ ቧንቧዎች ውስጥ ነጭ ቅርፊት ሆኖ ይጋገራል። የካልሲየም ካርቦኔት ጠባይ ከገበታ ጨው የተለየ ነው፤ ውሃው ሲሞቅ መሟሟቱ ይቀንሳል። ስለዚህ የሚጋገረው በጣም በሚጎዳበት፣ ማለትም ሙቀት በሚተላለፍበት በሞቃቱ የቧንቧ ግድግዳ ላይ ነው። የሻይ ማንቆርቆሪያችሁን ታች ብትመለከቱ ዘመዱን ታገኙታላችሁ።

አንድ ቀላል ሒሳብ

በታወሩ ውስጥ ያለው ውሃ ከአዲሱ ውሃ በስንት እጥፍ እንደጠነከረ የሚነግረን ቁጥር «ሳይክል» ይባላል። የሚገኘው እንዲህ ነው፦

ሳይክል = የታወሩ ውሃ ኮንዳክቲቪቲ ÷ የመተኪያው ውሃ ኮንዳክቲቪቲ

የታወሩ ውሃ 1,500፣ ከከተማው መስመር የሚገባው ደግሞ 300 ማይክሮሲመንስ በሴንቲሜትር ከሆነ ሳይክሉ 5 ነው። የሚፈስሰውን ውሃ ለማወቅ ደግሞ፦

የሚፈስስ ውሃ = የሚተን ውሃ ÷ (ሳይክል − 1)

ቅድም ያነሳነው ታወር በሰዓት 2,000 ሊትር ይተንበታል ካልን፦

በ2 ሳይክል፦ 2,000 ሊትር ይፈስሳል፤ በጠቅላላ 4,000 ሊትር አዲስ ውሃ ይገባል።
በ3 ሳይክል፦ 1,000 ሊትር ይፈስሳል፤ 3,000 ሊትር ይገባል።
በ5 ሳይክል፦ 500 ሊትር ይፈስሳል፤ 2,500 ሊትር ይገባል።
በ6 ሳይክል፦ 400 ሊትር ይፈስሳል፤ 2,400 ሊትር ይገባል።

ከ2 ወደ 3 ስንሄድ በሰዓት 1,000 ሊትር አተረፍን። ከ5 ወደ 6 ስንሄድ ግን ትርፉ 100 ሊትር ብቻ ነው፤ የቅርፊቱ አደጋ ግን መጨመሩን አያቆምም። ስለዚህ ጥሩ ኦፕሬተር እስከ መጨረሻው አይገፋም። ትርፉ አንሶ አደጋው የሚበዛበትን ቦታ ያውቃል። ያ ቦታ የት እንደሆነ የሚወስነው የአካባቢው ውሃ ጥንካሬና የሚጠቀሙበት ኬሚካል ነው።

መሣሪያዋ እንዴት ትለካለች?

ንጹህ ውሃ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም ማለት ይቻላል፤ በ25 ዲግሪ 0.055 ማይክሮሲመንስ በሴንቲሜትር ብቻ ነው። የባሕር ውሃ 50,000 አካባቢ ይደርሳል። ልዩነቱን ያመጡት የሟሙት አዮኖች ናቸው። መሣሪያዋ በሁለት ኤሌክትሮዶች መካከል አነስተኛ ኤሌክትሪክ ትልክና ውሃው ምን ያህል እንዳሳለፈ ታነባለች። የምትልከው ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ነው፤ አቅጣጫው አንድ ብቻ ቢሆን አዮኖቹ ኤሌክትሮዱ ላይ ተከማችተው ንባቡን ያበላሹት ነበር።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛው ሙቀት ነው። የውሃ ኮንዳክቲቪቲ በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 2 በመቶ ያህል ይጨምራል። በ25 ዲግሪ 1,500 የሆነ ውሃ በ32 ዲግሪ ሳይታረም ቢነበብ 1,710 ገደማ ያሳያል። አብዛኞቹ የዛሬ መሣሪያዎች ይህንን ራሳቸው ወደ 25 ዲግሪ ያርሙታል። ነገር ግን የሙቀት ንባቡ እስኪረጋ መጠበቅ የእናንተ ፋንታ ነው።

ሁለተኛው ፒፒኤም ነው። አንዳንዱ መሣሪያ ኮንዳክቲቪቲውን በአንድ ቁጥር አባዝቶ «የሟሙ ነገሮች መጠን» ብሎ ያሳያል። ያ ማባዣ በአንዱ መሣሪያ 0.5፣ በሌላው 0.7 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ያው 1,500 በአንዱ 750፣ በሌላው 1,050 ሆኖ ይታያል። ሁለት ሰዎች በዚህ ሲከራከሩ አይቻለሁ፤ ሁለቱም ልክ ነበሩ። መዝገብ ላይ ኮንዳክቲቪቲውን ራሱን ጻፉ።

የዕለቱ ሥራ፣ ደረጃ በደረጃ

1. መሣሪያዋን በመደበኛ ፈሳሽ ፈትኑ። የተለመደው 1,413 የሚያነብ የፖታሲየም ክሎራይድ ፈሳሽ ነው። ጥቂት በንጹህ ኩባያ ቀድታችሁ ለኩ፤ የተጠቀማችሁበትን ወደ ጠርሙሱ አትመልሱ። ንባቡ ከ1,413 በ2 በመቶ ውስጥ ከሆነ፣ ማለትም በ1,385 እና በ1,441 መካከል፣ ለዚህ ሥራ ይበቃል። ካለፈ ካሊብሬት አድርጉ።

2. መጀመሪያ መተኪያውን ውሃ ለኩ። የቧንቧውን ውሃ ለ1 ደቂቃ ያህል ልቀቁት፤ የቆመ ውሃ ስለ መስመሩ አይናገርም።

3. ቀጥሎ የታወሩን ውሃ ውሰዱ። የሚዘዋወረው ውሃ ከሚያልፍበት የናሙና መውሰጃ ቅዱ፤ ኬሚካል ከሚገባበት ቦታ አጠገብ አትቅዱ። ኩባያውንና ኤሌክትሮዱን በዚያው ውሃ ሁለት ሦስቴ አለቅልቁ።

4. ኤሌክትሮዱን አስገብታችሁ ቀስ ብላችሁ አማስሉ። የአየር ፊኛ ከተጣበቀበት ንባቡ ዝቅ ይላል።

5. ሦስት ቁጥር ጻፉ፦ የመተኪያውን፣ የታወሩን፣ ግድግዳ ላይ ያለው መቆጣጠሪያ የሚያሳየውን። ሳይክሉን እዚያው አስሉ።

6. ኤሌክትሮዱን በንጹህ ውሃ አጥባችሁ ክደኑት።

በሙሉ 10 ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ግን 10 ደቂቃውን ተውኩት።

የእኔ ስህተት

ሥራውን ያስተማሩኝ በማሽን ክፍሉ ከ20 ዓመት በላይ የቆዩ ያገሬ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። በጋ ነበር። ታወሩ እንዲሠራ የታሰበው በ5 ሳይክል፣ መቆጣጠሪያው የተሞላው በ1,500 ላይ ነው። ውሃው 1,500 ሲያልፍ ማፍሰሻው በራሱ ይከፈታል።

አንድ ቀን የግድግዳው መቆጣጠሪያ 1,490፣ የእጄ መሣሪያ ደግሞ 1,760 አሳየች። ባትሪዋ ደክሟል ብዬ አሰብኩ። የግድግዳው ትልቅ ነው፤ ውድ ነው፤ በባለሙያ የተተከለ ነው። የእኔዋ ኪስ የምትገባ ናት። የትልቁን ቁጥር ጽፌ ሄድኩ። በማግስቱም እንዲሁ። ከዚያ በኋላ፣ እውነቱን ልናገር፣ መለካቱንም ተውኩት። የግድግዳውን ቁጥር እያየሁ በሁለቱም ቦታ እሞላ ነበር። ቁጥሩ ሁልጊዜ 1,490፣ 1,500፣ 1,485 ነበር። እንዴት ያምራል!

በሦስተኛው ሳምንት፣ በጣም በሚሞቅ ቀን፣ ቺለሩ በከፍተኛ ግፊት ምክንያት ራሱን አጠፋ። ሕንፃው ውስጥ የኮምፒውተር ሰርቨሮች ያሉበት ክፍል ስለነበር ስልኩ መጮህ ጀመረ። ጋሼ መጡና መዝገቡን ገለጥ ገለጥ አደረጉ። ከዚያ ውሃውን በእጅ መሣሪያ ለኩ። 2,350።

«መሣሪያዋ ተበላሽታለች» አልኩ።

«በምን አወቅሽ?»

ዝም አልኩ።

«የኔ ልጅ፣ ሁለት ምስክር ሲጣላ ሦስተኛ ይጠራል» አሉና የመደበኛውን ፈሳሽ ጠርሙስ ከመደርደሪያው አወረዱ። በኩባያ ቀድተው ለኩ። 1,405። መሣሪያዋ ደህና ነበረች።

ከዚያ የግድግዳውን ሴንሰር ከቧንቧው ነቅለው አወጡት። ጫፉ በነጭ ቅርፊት ተሸፍኗል። ቅርፊቱ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ሴንሰሩ ከእውነቱ ዝቅ አድርጎ ያነባል። ዝቅ ሲያነብ መቆጣጠሪያው «ገና ነው» ብሎ ማፍሰሻውን አይከፍትም። ሳይከፍት ሲቀር ጨው ይጨምራል፤ ጨው ሲጨምር ቅርፊቱ ይወፍራል። የዚያ ቀን መተኪያ ውሃ 310 ነበር፤ ሳይክሉ 7.6 ደርሷል ማለት ነው። ኮንደንሰሩ ሲከፈት የቧንቧዎቹ ውስጥ ኖራ የተቀባ ይመስል ነበር።

ከዚህ የተማርኩትን በቀይ ጻፉልኝ፦ መቆጣጠሪያው የሚታዘዘው የራሱን ሴንሰር ነው። ሴንሰሩ ሲሳሳት ግድግዳው ላይ ያለው ቁጥር አይረበሽም፤ እንዲያውም ከታዘዘው ቁጥር ላይ ተረጋግቶ ይቀመጣል። ያማረ ቁጥር የጤና ምልክት የሚሆነው ሌላ መለኪያ ሲመሰክርለት ብቻ ነው። የእጅ መለኪያ ያስፈለገችው ለዚህ ነው።

ቺለሩ ቧንቧዎቹ በኬሚካልና በብሩሽ እስኪጸዱ ሁለት ቀን ቆመ። በየገጹ ግርጌ የጋሼ ፊርማ ስለነበር ተጠርተው ተጠየቁ። ስሜን አላነሱም። እኔ ሄጄ ጥፋቱ የኔ መሆኑን ለአለቃችን የተናገርኩት በማግስቱ ነው፤ በዚያው ቀን አለመሄዴ አሁንም ያሳፍረኛል። ጋሼ የተናገሩኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ያልለካሽውን ባዶ ተይው። ባዶ ቦታ ያስጠይቃል እንጂ አያታልልም።»

ቁጥሩ ሲለዋወጥ ምን ይነግረናል?

ከዚያ በኋላ ሁለቱንም ውሃ በየቀኑ መለካት ስጀምር ያልጠበቅኩትን አየሁ። ክረምት ላይ ለበረዶ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ከዝናብና ከቀለጠ በረዶ ጋር ወደ ወንዝ ይገባል፤ የከተማው ውሃ የሚቀዳው ከወንዝ ከሆነ የመተኪያው ኮንዳክቲቪቲም ይጨምራል። መተኪያው ከ300 ወደ 600 ቢወጣና መቆጣጠሪያው እዚያው 1,500 ላይ ቢቀር ሳይክሉ ከ5 ወደ 2.5 ይወርዳል። 2,000 ሊትር ለሚተንበት ታወር በሰዓት የሚፈስሰው ከ500 ወደ 1,333 ሊትር ይደርሳል ማለት ነው። ማንም ምንም አልነካም፤ ውሃው ግን ይባክናል። የታወሩን ብቻ የሚለካ ሰው ይህንን ፈጽሞ አያየውም።

ኮንዳክቲቪቲው ያለ ምክንያት ዝቅ ካለ ደግሞ የሆነ ቦታ ውሃ እየጠፋ ነው። የተንሳፋፊው ባልቦላ አልዘጋ ብሎ ውሃ ሞልቶ ይፈስስ ይሆናል፤ ወይም ማፍሰሻው ተከፍቶ ቀርቷል። ሌላም ዘዴ አለ። ሳይክሉን በኮንዳክቲቪቲ ካሰላችሁ በኋላ በካልሲየም ምርመራም አስሉት። በኮንዳክቲቪቲ 6፣ በካልሲየም 4 ከመጣ የጎደለው ካልሲየም ከውሃው ወጥቶ የሆነ ቦታ እየተጋገረ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ።

የማይነግረን

መሣሪያዋ የአዮኖችን ብዛት እንጂ ዓይነታቸውን አትለይም። ዝገትን አታይም። ከሁሉ በላይ ባክቴሪያን አታይም። እ.ኤ.አ. በ1976 በፊላዴልፊያ በአንድ የቀድሞ ወታደሮች ጉባኤ ላይ በተነሳው የሳንባ በሽታ ሰዎች ከሞቱ በኋላ ሊጂዮኔላ የተባለው ባክቴሪያ ታወቀ። በ2015 በኒውዮርክ ደቡብ ብሮንክስ 138 ሰዎች ታመው 16ቱ ሞተዋል፤ መነሻው የአንድ ሕንፃ ኩሊንግ ታወር ነበር። ከዚያ በኋላ ከተማው ታወሮች ሁሉ እንዲመዘገቡና በየጊዜው እንዲመረመሩ በሕግ አስገደደ። በኮንዳክቲቪቲ እጅግ የተስተካከለ ውሃ ሊጂዮኔላ ሊኖርበት ይችላል። ስለዚህ የማጽጃ ኬሚካሉ ክትትልና የላቦራቶሪ ምርመራው ለብቻው መካሄድ አለበት። ናሙና ስትወስዱም ከሚረጨው ጉም ራቁ፤ ፋኑ በሚሠራበት ጊዜ ወደ ውስጥ አትጠጉ፤ የተሰጣችሁን ጭንብል አድርጉ።

ለመለማመጃ

የመተኪያው ውሃ 250፣ የታወሩ 1,000፣ የሚተነው በሰዓት 3,000 ሊትር ነው። ሳይክሉ ስንት ነው? ስንት ይፈስሳል? ስንት ይገባል? ሳይክሉን ወደ 5 ብናወጣ መቆጣጠሪያው በስንት ይሞላል? ምን ያህልስ እናተርፋለን?

መልሱ፦ ሳይክሉ 4፤ የሚፈስሰው 1,000 ሊትር፤ የሚገባው 4,000 ሊትር። ለ5 ሳይክል መቆጣጠሪያው በ1,250 ይሞላል፤ የሚፈስሰው 750 ሊትር ስለሚሆን በሰዓት 250 ሊትር እናተርፋለን።

ለጠያቂው ወንድማችን፦ ኬሚስትሪው የሚሠራው ይህንን ነው። ከእኛ መካከል በየሕንፃው፣ በየሆስፒታሉ፣ በየሆቴሉ ማሽን ክፍል የሚሠሩ አባቶችና ታላላቅ ወንድሞች ያሉን ብዙ ነን። እስቲ በሚቀጥለው እሑድ ቡና ላይ «ሥራ እንዴት ነው?» ከማለት አልፋችሁ «ታወራችሁ ስንት ሳይክል ላይ ነው?» ብላችሁ ጠይቋቸው። መጽሐፍ ላይ የሌለ ትምህርት ታገኛላችሁ።

ሰላም ሁኑ።